ፎገራ ላይ ሰው ሁሉ እሺ ያለኝ ሰሞን

ወደ ፎገራ ሄጄ ከተመለስሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሰው «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ደህና ነበር» እላለሁ፤ ከዚያ አልፌ ልዘርዝር ስል ነገሩ ለራሴም ይምታታብኛል። ስለዚህ ቀን በቀን፣ እንደ ሆነው ልጽፈው ተቀመጥሁ። አገሩን የማታውቁትና ምናልባትም የማትሄዱበት አንባቢዎቼ፣ እናንተ ከእኔ የተሻለ ከታያችሁ ንገሩኝ።

አስቀድሜ ለምን እንደ ሄድሁ ልናገር። መሥሪያ ቤታችን የገጠሩን ሰው ኑሮ ለማሻሻል የቆመ ነው። እኔም ስድስት ወር የሥነ ልቡና ትምህርት ተምሬ «የሰው አስተሳሰብ ለዋጭ» ሆኛለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ነው ያደረግሁት። አስተማሪያችን ድህነት መጀመሪያ የሚቀመጠው ሰው ራስ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። መድኃኒቱንም በደብተሬ ጽፌዋለሁ፦ ሕዝቡ ችግሩን በገዛ አፉ ይናገር፣ ቀጥሎ ይከራከርበት፣ ከዚያ በሰው ፊት እጁን አንሥቶ ይወስን። እጁን ያነሣ ሰው ልቡም ይከተላል ተብለናል።

በዚህ ጉዞ የሚወሰነው አንድ የውሃ ጉድጓድ ነበር። ሲሚንቶውና ፓምፑ ከመሥሪያ ቤት ይሰጣል፤ ቁፋሮው የአገሬው ነው። ሰዎቹ በቦታው ከተስማሙ በቅጹ ላይ «ተስማምተዋል» ብዬ እፈርማለሁ። ካልተስማሙ ጉድጓዱ ለሌላ አጥቢያ ያልፋል።

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ያለውን እዘለዋለሁ፤ የዓባይን በረሃ ያላማረረ መንገደኛ የለምና እኔ የምጨምረው የለኝም። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚሄድ አውቶቡስ አመለጠኝና ጎንደር በርበሬ በሚያደርስ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። በርበሬው ላይ ነው የተቀመጥሁት። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ አስነጥሳለሁ፣ ከኋላ ሲመጣ አለቅሳለሁ። አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ለምደውት ነው መሰል እየተጨዋወቱ ሄዱ። አንዲት ሴት ግን አዘነችልኝና የነጠላዋን ጫፍ ውሃ ነክራ «በዚህ ይሸፈኑ፣ ይማርዎ» ብላ ሰጠችኝ።

ሐሙሲት ላይ ገበያ ቆሞ ስለ ነበር ሾፌሩ ከሰዓት በላይ አቆመን። የጣና ዓሣ ወጥ በላሁ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ዓሣ የሚታየው በሥዕል ነው። አጥንቱን እንዴት እንደሚለዩት ሳላውቅ ጎርሼ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጀርባዬን እየደበደበች ጉርሻ በጉርሻ ላይ አስዋጠችኝ፤ ሒሳብ ስጠይቅም «ያስጨነቅነውን እንግዳ እናስከፍላለን እንዴ?» ብላ እምቢ አለች።

ወረታ የደረስነው ወደ ማታ ነው። ጎንደር ከሚሄደው መንገድ የደብረ ታቦሩ የሚገነጠልበት ትንሽ ከተማ ነው። ያረፍሁበት ቤት የጠፍር አልጋ ነበረው፤ አልጋውን ከእኔ በፊት ትኋን ተከራይቶታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ሁልጊዜ ሲታማ ይኖራል፣ ነገር ግን ትንኝንና ትኋንን እንደ እሱ የሚቀጣ ዳኛ የለም። ያን ለት ብርዱን በስሙ ጠርቼ ናፈቅሁት።

ዓርብ

የአገሩ ጭቃ ሹም አያ አለባቸው በቅሎ ይዞ ሊቀበለኝ መጣ። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሣቁ የሚቀድመው ሰው ነው። ከወረታ ወደ ጣና በኩል ወረድን። አገሩ ሜዳ ነው። እኛ ዘንድ ሜዳ የሚባለው ከሁለት ጋራ መካከል የተገኘች ቁራሽ መሬት ናት፤ እዚህ ግን ዓይን የሚያርፍበት እስኪያጣ ድረስ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ ውሃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ሽምብራ ይዘሩበታል። በደረስሁበት በጥር ሽምብራው እሸት ነበርና አያ አለባቸው እየነቀለ ያበላኝ ነበር።

አንድ ጅረት ስንሻገር በቅሎዋ ልትጠጣ አንገቷን ዘቅዘቅ ስታደርግ እኔ በአንገቷ ላይ ተንሸራትቼ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ከእኔ ይልቅ ያዘንሁት ለቅጾቼ ነበር፤ ሁሉም ራሰ። ማታ የአያ አለባቸው ሚስት ወይዘሮ ይታይሽ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ለያይታ እንደ ቋንጣ ገመድ ላይ ሰቀለችልኝ። «የመንግሥት ጽሕፈት ነው፣ ጭስ እንዳይነካው» እያለች ከምድጃው አራቀችው።

እግሬን አጠቡኝ። እራት የሽምብራ ዓሣ ነበር፤ ጾም ስለሆነ ከሽምብራ ሊጥ በዓሣ መልክ ተሠርቶ በወጥ የሚቀርብ ነው። ትናንት አጥንቱ ለተቀረቀረበት ሰው እግዜር የላከለት ዓሣ ነው ብዬ አሣቅኋቸው። የመጠጡን ውሃ ይታይሽ በነጠላ አጥልላ ሰጠችኝ። ጨርቁ ላይ የቀረውን አየሁት፤ ጭቃ፣ የከብት እበት፣ የሚንቀሳቀስም ነገር ነበር። በክንዷ ላይ የዓመት ልጇ ተኝታለች። ተቅማጥ ከያዛት ሰንብቷል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ሁለቱን ቀብሬያለሁ» አለችኝ ይታይሽ። «ይችን እንኳ ውሃው ቢምርልኝ።»

ሕዝቡ ችግሩን በገዛ አፉ ይናገር የሚለው የደብተሬ መጀመሪያ ሳልጠይቅ ተፈጸመ።

ቅዳሜ

ለጉድጓድ የሚሆን ቦታ ስንፈልግ ዋልን። ጥቁሩ አፈር በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፤ አገሬው ሁለት ጊዜ ቆፍሮ ሁለቱንም ጊዜ ጉድጓዱ ተደርምሶ ተዘግቷል። አያ አለባቸው ቦታ ሁሉ ካሳየኝ በኋላ እያመነታ «አንድ አለ፣ ግን...» አለ። ግኑ ምን እንደሆነ ስንደርስ ገባኝ።

ከመንደሩ ተለይታ ከምትገኝ ጉብታ ሥር ሸክላ ሠሪዎች ይኖራሉ። አፈራቸውን የሚያወጡበት ጉድጓድ ጠርዙ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከታቹ ንጹሕ ውሃ አቁሯል። የሚሠሩት እንስራና ድስት አገር ምድሩን ያበላል ያጠጣል። ነገር ግን ዓይናቸው ይፈራል፤ ቡዳ ናቸው ይባላል። ከእጃቸው የሚበላ፣ ከጽዋቸው የሚጠጣ የለም። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በእኛም አገር አንጥረኛው ለብቻው ዋንጫ ነበረው።

ትርንጎ የምትባል ሴት እንስራ እያለሰለሰች አገኘናት። አምሳ ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። ትምህርቴ ሰውን ሁሉ እኩል አክብር ስለሚል «እንደምን ዋሉ፣ እመት ትርንጎ?» አልኋት። አያ አለባቸው ዞር ብሎ አየኝ፤ እሷም ደንግጣ ከኋላዬ የሚመጣ ሌላ ሰው ያለ ይመስል አማተረች። በርጩማ ጠርጋ ሰጠችኝ። ቀጥላ በቅል ጥርት ያለ ውሃ አቀረበች።

አያ አለባቸው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም «ጠጥቼ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። አፈርሁ፤ ያፈርሁት ግን እምቢ ካልሁ በኋላ ነው፣ እምቢታው ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ገበሬዎቹ ፊት፣ ሴቶቹ በስተግራ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ራቅ ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ተቀመጡ። ስለ ውሃና ስለ በሽታ ተናገርሁ። ቦታውንም ጠራሁ። ከዚያ የአጥቢያው ቄስ አባ ዘለቀ ተነሡ።

«ልጀ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። ውሃው ጥሩ ነው፣ አልካድንም። ግን እነሱ ደጅ ነው።»

«አባቴ፣ እንስራችሁን የሚሠራው ማን ነው? ውሃውን ከሸክላቸው ትጠጣላችሁ አይደለም ወይ?»

«ሸክላውማ እሳት አልፎበታል። እሳት ያለፈበት ነገር ምን ነውር አለው? ውሃ ነው እንጅ እሳት እማያልፍበት።»

ደስ አለኝ፤ መልሱ በእጄ ነው። «እንግዲያው ውሃውንም አፍልታችሁ ጠጡ!» አልሁ።

አባ ዘለቀ በሐዘኔታ አዩኝ። «የፈላ ውሃ በሽተኛ ነው እሚጠጣ፣ ልጀ። አገር ሙሉ ታሟል እንዴ?»

አገር ሙሉስ ታሞ ነበር፤ ግን እንዲህ ብሎ መመለስ ለቄስ አይገባምና ተውሁት። ክርክሩ እስከ ቀትር ዘለቀ። በመጨረሻ ተነሥቼ «ጉድጓዱ በሸክላ ሠሪዎቹ ደጅ እንዲሆን፣ ሁላችሁም ከአንድ ውሃ እንድትጠጡ የተስማማችሁ እጃችሁን አንሡ» አልሁ።

ሁሉም አነሡ። አባ ዘለቀ እንኳ መስቀል የያዙበትን እጅ አነሡ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቅም። በአንድ ቀን የስንት ዘመን ነገር ተነቀለ ብዬ በደብተሬ «ሙሉ ስምምነት» ብዬ ጻፍሁ። ከግንቡ ጥግ ብቻ እጅ አልተነሣም። ስብሰባ ስለማያውቁ አልገባቸውም ብዬ ነገ ላስረዳቸው አሰብሁ።

ሰኞ

በጠዋት ብቻዬን ወደ ትርንጎ ሄድሁ።

«እመት ትርንጎ፣ ትናንት እጅዎን አላነሡም።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ሥራዋን ሳታቋርጥ። ቆይታ ግን እጇን ጠረገችና ቀና አለች። «ጌታየ፣ እኛ ርስት የለንም። ይች ጥግ የተተወችልን ሌላ ሰው ስለማይፈልጋት ነው። ውሃ ከወጣባት ማን እማይፈልጋት አለ? ያን ጊዜ ዓይናችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ተነሡ ይሉናል።»

«ሌላ ቦታ ይሰጧችኋል።»

«ቦታማ ይሰጡን ይሆናል። አፈሩንስ? ባሌ በሕይወት ሳለ ተዚያ ማዶ አምጥተን ሞክረነው ነበር። እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። እኔ እምበላው ይችን ጉድጓድ ነው።»

«ነገር ግን አብረን እንጠጣለን ብለው ሁሉም እጅ አንሥተዋል!»

«አብረን አሉ?» ፈገግ አለች። «እርስዎ እንኳ ቅዳሜ ለት ውሃየን አልጠጡም።»

«አሁን ይስጡኝ» አልሁ። ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥሩ ውሃ አልቀመስሁም። ከመንገዱ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ቆማ ታየን ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ምሳ ሲቀርብ ከመሶቡ ተለይቶ ለእኔ ለብቻዬ በቁና ክዳን ተደረገልኝ፤ ወተቱም ከዚያ በፊት ባላየሁት ቅል መጣ። እንጀራው ያው፣ ቅቤው እንዲያውም በዝቶ ነበር። ይታይሽ ፊቷን አዙራ «አይቀየሙኝ» አለች። «ልጀ ታማብኝ ነው እንጅ እርስዎን ነውር ብየ አይደለም።» እያለቀሰች ነው የምታስተናግደኝ። በዚያች ሰዓት የማን ወገን እንደሆንሁ አላውቅም ነበር። ለትርንጎ ዘግይቼ የጠጣሁ ነኝ፣ ለይታይሽ ደግሞ ለልጇ የማስፈራ።

አያ አለባቸውን ወደ ውጭ ወስጄ ጠየቅሁት። «ሸክላ ሠሪዎቹ ይነሣሉ ወይ?»

«ይነሡ እንጅ» አለ፣ እንደ ተራ ነገር። «ውሃውና እነሱ እንዴት ባንድ ይሆናሉ? ክፉ አናደርግባቸውም፤ ራሳችን ቤታቸውን አፍርሰን እንሠራላቸዋለን።»

«ታዲያ ትናንት ለምን እጅዎን አነሡ?»

አያ አለባቸው ጥያቄው ከልቡ ገረመው። «ስንት ቀን ተጉዘው፣ በቅሎ ጥላዎት፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ሲለምኑን! እምቢ ብለን እናሳፍርዎት? እንግዳ በሰው ፊት ይዋረዳል እንዴ?»

ማክሰኞ

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርሁና ሌላ ስብሰባ ጠራሁ። አሁን ጠንቅቄ እጠይቃለሁ አልሁ። «ጉድጓዱ ቢወጣ ሸክላ ሠሪዎቹ ከቦታቸው ላይነሡ ቃል የምትገቡ?»

ሁሉም እጃቸውን አነሡ።

ግራ ገባኝ። «እንግዲህ ልባችሁን ንገሩኝ፤ እኔ አልቀየምም። ይነሡ የምትሉ?»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ አነሣ፣ ጎረቤቱም ተከተለ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና የሁሉም እጅ ወደ ላይ ነበር። አባ ዘለቀ ጺማቸውን እየደባበሱ «ይጠይቁ ልጀ፣ እጃችን አልደከመም» አሉኝና ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጬ ቅጹን አወጣሁ። ጭቃው ደርቆ ጠርዙን ቡናማ አድርጎታል። ከፊቴ ያለው ቦታ ከሁለት ቃል አንዱን ብቻ ነው የሚያስጽፈው። «ተስማምተዋል» ብል ትርንጎ ከአፈሯ ትነሣለች። «አልተስማሙም» ብል የይታይሽ ልጅ ያን ውሃ መጠጣቷን ትቀጥላለች። ደብተሬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለበጥሁት። እጁን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ተቃራኒ ነገር ላይ ስላነሣ ሰው ምንም አይልም። የእነዚህ ሰዎች አስተሳሰብ ኋላ ቀር ነው እንዳልል፣ እኔን ላለማሳፈር የደከሙት ድካም በአዲስ አበባ አይገኝም። መልካም ነው እንዳልል ደግሞ ትርንጎ አለች።

«አልተስማሙም» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልታገሥሁም፤ አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ረቡዕ

አያ አለባቸው በቅሎዋን ለእኔ ሰጥቶ እሱ በእግሩ እስከ ወረታ ሸኘኝ። ይታይሽ ለእናቴ ብላ ቅቤ በቅል አስይዛኛለች። ጠዋት ልሰናበታት ስል ልጅቱ ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ጣቴን ያዘችኝ፤ እጇ ያተኩስ ነበር። መንገዱን ሙሉ አያ አለባቸው ስለ ሰብሉ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ዘንድሮ ስለ ቀረው ዝናብ ሲያጫውተኝ ሄደ። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አላነሣም። ያኔ ለትምህርት ከደብረ ብርሃን ስወጣ የሸኘኝ የገዛ ወንድሜ እንኳ አውቶቡስ ተራው ድረስ አልመጣም ነበር።

ወረታ ስንደርስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ አገኘነው። እንዳያመልጠኝ ሻንጣዬን ወረወርሁ፣ ወጣሁ። አያ አለባቸው ከታች ሆኖ ቆቡን በእጁ ይዞ ሽቅብ አየኝ። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ሳይሥቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ጌታው፣ ሲሚንቶው ይመጣል አይደል? ልጅቱ እኮ...» አለና ቃሉ ተቋረጠበት። «እኛ እስተዚያው ቁፋሮውን እንጀምረው ይሆን? ሰዉ ተዘጋጅቷል።»

ወረቀቱ በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ላነብለት፣ «አይመጣም» ልለው ይገባኝ ነበር። ግን ያ ሰው ሦስት ሰዓት በእግሩ መጥቷል፣ ሚስቱ ወረቀቴን አድርቃልኛለች፣ አሁን ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ይሰማናል። በሰው ፊት እንዴት አሳፍረዋለሁ?

«ጀምሩ» አልሁት።

ፊቱ በራ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ መኪናውም ተነሣ።

ቅጹን ለአለቃዬ አስረክቤአለሁ፤ ጉድጓዱም ለሌላ አጥቢያ ተላልፏል። ወደ አያ አለባቸው ቁፋሮውን ተዉት ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። መድረሱን አላውቅም፤ ቢደርስም የሚያነቡለት አባ ዘለቀ ናቸው፣ እሳቸውም ክፉ ወሬ ለሰው በፊቱ ማንበብ የሚችሉ አይመስለኝም። ሦስት ሳምንት ብዙ ነው፤ ቁፋሮው ይኸኔ ከሰው ቁመት አልፎ ይሆናል። ዛሬ ይህን ስጽፍ ትርንጎ ደጅ ላይ ዶማ እየወረደ ነው።